ንፋሱ በየት ይገባል? በየት ይወጣል?

(ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ኮሚናሉ ውስጥ ለጌም ወዳጆችና ለጌም ቤት ባለቤቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከስልክ ቅጂ ላይ እንዳለ ገልብጬዋለሁ፤ ያሳለኝንና ማይኩ የጮኸበትን ቦታ ብቻ ነው ያወጣሁት።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ?

አልሰማሁም። እንደምን ዋላችሁ? ... እሺ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ሰው እንዳለ አወቅሁ።

እሑድን ያህል ቀን፣ ያውም ኳስ ባለበት ሰዓት፣ ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁት እናቶች ልጆቻችሁ ምን ላይ እንደሚያመሹ ለማየት እንደመጣችሁ ገብቶኛል። ግዴለም፣ ወሬው እናንተንም ይመለከታል። እንዲያውም የዛሬው ወሬ መነሻ የራሴ እናት ናት፤ እመጣበታለሁ።

የማወራው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ንፋስ። የጌም ኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም የጌሙን ምስል የሚሠራው ዕቃ፣ እንዳይግል ሳጥኑ ውስጥ ንፋስ እንዴት እንደሚገባና እንዴት እንደሚወጣ። ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ። ሁለተኛ፣ የንፋሱ መንገድ የት እንደሆነ። ሦስተኛ፣ አቧራ። ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ። ሦስተኛው ላይ የራሴን ጉድ እናዘዛለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ። ዛሬ በሚኒባስ የመጣችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ... ብዙ ናችሁ። መስኮት ተከፍቶ ነበር? ... ይኸው! አንድ እጅ የለም!

ባለፈው ሳምንት ከቃሊቲ ተሳፍሬ ስመጣ ቀትር ነው፤ ሰው በሰው ላይ ነው፤ ላቡ ሌላ ነው። መስኮቷን አንድ ጣት ያህል ገፋ ባደርጋት ከኋላዬ አንዲት እናት ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ልጄ፣ በሞቴ ዝጋው፣ ንፋስ ይመታኛል» አሉኝ። «እማማ፣ አየር እንዲገባ ብዬ ነው» ብላቸው፣ «አየሩማ ሞልቷል፤ ይኸው እየተነፈስን አይደል እንዴ?» አሉኝ። ምን እላለሁ? ዘጋሁ።

እኛ ንፋስ የምንፈራ ሰዎች ነን። ሕፃን ሲወለድ መስኮት እንዘጋለን። ሰው ሲታመም መስኮት እንዘጋለን። ሰው ሲድን ደግሞ እንዳያገረሽበት መስኮት እንዘጋለን። (ሳቅ) ይህ ጠባያችን ኮምፒውተሩም ላይ ተጋብቷል። ብዙ ብር አውጥተን የገዛነውን ዕቃ እንደ አራስ ነው የምንይዘው፤ ጥግ እናስገባዋለን፣ እናለብሰዋለን፣ በር እንዘጋበታለን። ኮምፒውተር ግን አራስ አይደለም። ኮምፒውተር የሚፈልገው እኛ የምንፈራውን ነው። ንፋስ እንዲመታው ነው የሚፈልገው!

እሺ፣ ወደ አንደኛው።

እኛ አገር ሳጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» እንለዋለን። «ሲፒዩዬ ጋለ» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ አለኝ፤ ስከፍተው የጋለው ሌላ ነው። ጌም በምትጫወቱበት ሰዓት እዚያ ሳጥን ውስጥ ብዙውን መብራት የሚበላው ግራፊክስ ካርዱ ነው። አርቲኤክስ 3060 የሚባለው ካርድ ያላችሁ 170 ዋት ነው የሚበላባችሁ። አርቲኤክስ 3080 ያለው ሰው ካለ፣ አንደኛ እንኳን ደስ ያለህ፣ ሁለተኛ 320 ዋት ነው። ይህ ቁጥር ምን ማለት ነው? የድሮዋን የመቶ ሻማ አምፖል ታውቋታላችሁ፤ በርታ ከቆየች በእጅ የማትነካዋን። 3060 ሲሠራ ሁለት የመቶ ሻማ አምፖል ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። 3080 ከሦስት ያልፋል። ሦስት አምፖል አብርታችሁ፣ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ከታችሁ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ አስቡት። የሚበላው መብራት ደግሞ የትም አይሄድም። ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙቀት ሆኖ ነው የሚቀረው።

አሁን ይህችን አስምሩልኝ። ካርዱ ላይ ያሉት ሁለት ወይም ሦስት ፋኖች ሙቀቱን ከቺፑ ላይ አንሥተው የት ነው የሚጥሉት? ... የት? ሳጥኑ ውስጥ! ካርዱ ሙቀቱን ከራሱ ላይ አራግፎ ሳጥኑ ውስጥ ይደፋዋል፤ የእሱ ሥራ እዚያ ላይ አለቀ። ሳጥኑ አውጥቶ ካልጣለው ያንኑ የተፋውን ሙቅ አየር መልሶ ይጠጣዋል። ይተፋል፣ ይጠጣል። ይተፋል፣ ይጠጣል። በጀርባው በኩል በቀጥታ ወደ ውጭ የሚተፉ፣ አንድ ክብ ፋን ብቻ ያላቸው ካርዶችም አሉ፤ ይጮኻሉ እንጂ ለጠባብ ሳጥን ደጎች ናቸው። እናንተ እጅ ላይ ያለው ግን አብዛኛው ያ አይደለም።

ሲግል ምን ይሆናል? አይፈነዳም፣ አትደንግጡ እናቶች። ራሱን ያድናል። ብዙዎቹ የኤንቪዲያ ካርዶች ወደ 83 ዲግሪ ሲጠጉ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ከዚያም በፊት ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ጥቂት በጥቂት ይሰስታሉ። ልጁ ግን ይህን አያውቅም። «ኔትወርኩ ነው» ይላል። «ጌሙ ከበደ» ይላል። የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ እንደ ውሃ ሄዶላችሁ ከዚያ መንቀራፈፍ ከጀመረ ኔትወርኩን አትስደቡት፤ ሙቀቱን እዩ። ጂፒዩ ዚ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ከፍታችሁ ማየት ነው።

«እኛ አገር እኮ ብርድ ነው፣ ምን ያግለዋል?» የሚሉኝ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። የክፍሉ ሙቀት አንድ ዲግሪ ሲጨምር ካርዱም አንድ ዲግሪ ገደማ ነው የሚጨምረው። አዳማ ያለው የአክስቴ ልጅ ለበዓል ስወርድ ኮምፒውተሬን ይዤ እንድመጣ አስገደደኝ። እዚህ 74 ላይ የሚቆመው ካርድ እዚያ 82 ገባ። ያው ካርድ፣ ያው ጌም! ስለዚህ ብርዱ ውለታችን ነው።

ከፍታው ግን ያስከፍለናል። ከመሐል አዲስ አበባ ወደ አቃቂ የወረድነው እኛ እንኳ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። እዚህ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ 93 ሳይሞላው ነው የሚፈላው። እናቶች ባቄላው አልበስል የሚላችሁ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ ሁልጊዜ ባቄላውን ብቻ አትውቀሱ። አየሩ ስስ ነው። እዚህ ያለ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር ክብደቱ ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ፋን ደግሞ በቁና ይሰፍራል እንጂ በሚዛን አይመዝንም። የቁናው ብዛት ያው ነው፤ እኛ ጋ ግን ቁናው ውስጥ ያለው እህል ያንሳል። 300 ዋት የሚተፋ ሳጥን ውስጥ በደቂቃ 1.4 ሜትር ኪዩብ አየር ብታሳልፉ፣ አየሩ ጅቡቲ ላይ ሲገባ ከነበረው 11 ዲግሪ ገደማ ሞቆ ይወጣል። እዚህ ወደ 14 ይጠጋል። ፈረንጁ ዩቲዩብ ላይ «ይህ ፋን ይበቃል» ሲላችሁ እሱ የት ቆሞ እንደሚያወራ ጠይቁ።

ወደ ሁለተኛው እንሂድ።

ማታ ቤት ስትገቡ ሳጥኑ ፊት ቆማችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። በየት ይገባል? በየት ይወጣል? እስቲ አብራችሁኝ በሉ። በየት ይገባል? ... በየት ይወጣል? ... ጎበዞች። የዛሬው ሁሉ ነገር ይሄው ነው።

እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለውን ፈጣን መንገድ እዩ። ከአዳማ እስከ ቱሉ ዲምቱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለሄደውም ለመጣውም ሦስት ሦስት መስመር። መኪናው እንደ ቀስት ይመጣል። ክፍያውን ከፍሎ ወደ ከተማ ሲዞርስ? ... አዎ፣ ቃሊቲ ላይ ይቆማል! መግቢያው የቱንም ያህል ቢሰፋ መውጫው ከጠበበ ምን ዋጋ አለው?

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ሳጥኑን ተሸክሞ መጣ። እዚህ ካለ አይፈር፤ ስሙን አልጠራም። ስድስት ፋን ገጥሟል። ስድስት! ሁሉም ቀይ አረንጓዴ ያበራሉ፤ የሠርግ ድንኳን በሉት። ካርዱ 87 ዲግሪ ነው። «ጋሼ፣ ምን ልጨምር?» አለኝ። ሶፍት ቀደድኩና አንድ በአንድ ፋኖቹ አጠገብ ያዝኩ። የፊቶቹ ሦስቱ ሶፍቱን ወደ ውስጥ ይስባሉ፤ ጥሩ። የላይኞቹ ሁለቱም ወደ ውስጥ። የኋላውም ወደ ውስጥ። ስድስቱም ያስገባሉ፣ የሚያወጣ የለም! ለምን እንዲህ ገጠምከው ብለው፣ ቀለሙ ከውጭ እንዲታይለት ነው። (ሳቅ) አትሳቁ፤ እናንተም ቤት ሳይኖር አይቀርም።

አስተውሉ። ፋን ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ክንፎቹ ግልጥ ብለው የሚታዩበት ነው። ሌላኛው ሞተሩን የተሸከሙት የፕላስቲክ እጆች ያሉበት ነው። ግልጡ ይስባል፣ እጅ ያለው ይተፋል። ግልጡ ይስባል፣ እጅ ያለው ይተፋል። ከተምታታባችሁ ሶፍት ቅደዱ። የላይኞቹን ሁለቱንና የኋላውን አዞርኩለት፤ አንዲት ብሎን አልጨመርኩም። 76 ገባ። ልጁ ሌላ ሁለት ፋን ሊገዛ ብር ይዞ ነበር የመጣው።

ስንት ፋን ያስፈልጋል? ለአብዛኞቻችሁ ከፊት ሁለት አስገቢ፣ ከኋላ አንድ አውጪ ይበቃል። ካርዱ ትልቅ ከሆነ ከፊት ሦስት አድርጉና ከላይ አንድ አውጪ ጨምሩ፤ ግን ከላይ ወደ ኋላ በኩል። ወደ ኋላ በኩል ያልኩት በምክንያት ነው። ከላይ ወደ ፊት በኩል ከሰካችሁት አሁን የገባውን ቀዝቃዛ አየር ካርዱ ሳይቀምሰው ነጥቆ ያወጣዋል። እንግዳ በበር አስገብታችሁ ሳይቀመጥ በመስኮት እንደመሸኘት ነው። ሳጥናችሁ ከታች የፋን ቦታ ካለው ደግሞ እድለኞች ናችሁ፤ የታችኛው ፋን ቀዝቃዛውን አየር ለካርዱ በቀጥታ ያጎርሰዋል። ሳጥኑ ምንጣፍ ላይ ከተቀመጠ ግን ያ ጉርሻ የለም። ጣውላ ላይ አስቀምጡት።

አሁን ወደ እናቴ።

ኮምፒውተሬ ሳሎን ቡፌው አጠገብ ነው የሚቀመጠው። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ገብቼ ከፈትኩና ጥቂት እንደተጫወትኩ ማጉረምረም ጀመረ። ሳየው 88። ትናንት 75 የነበረ ካርድ! ፋኑን አየሁ፣ ገመዱን አየሁ፣ ምንም የለም። ቀና ስል ላዩ ላይ ዳንቴል ተነጥፏል። ዳንቴሉ ላይ ደግሞ የፕላስቲክ አበባ። (ሳቅ)

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አቧራ እንዳይገባበት ነዋ! ያንተን ዕቃ እኮ ነው የጠበቅሁልህ።»

«እማዬ፣ መተንፈሻው እኮ ነው የሸፈንሽው።»

«ሲተነፍስ አላየሁትም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ንፋስ አይታይም። እኔም ብሆን ስለ ንፋስ ያነበብኩ እንጂ ያየሁ ሰው አልነበርኩም። ቡና እያፈላች ነበርና ማጨሻው ላይ ዕጣን ጣል አደረገች። ጭሱ ሽቅብ ሲሄድ ቆየና ድንገት ጎንበስ አለ። ወደ ሳጥኑ ፊት ሄደ። ተሰለፈ፣ ገባ። ከላይ በዳንቴሉ ሥር ወጣ፤ የሚሄድበት አጣ፤ በግራና በቀኝ ፈሰሰና ዞሮ መጥቶ እንደገና በፊት ገባ! ሁለታችንም ዝም ብለን እናያለን። አቦሉም ቀረ። የተፋውን መልሶ ይጠጣዋል እያልኩ ለደንበኛ ሁሉ ስናገር የኖርኩትን ነገር ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። ዳንቴሉን ያነሣችው ራሷ እናቴ ናት። አበባውንም አንሥታ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠችው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ኮርኒስ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ቤት ስሄድ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው «ማጨሻ አለ?» ብዬ ነው። አንዳንዱ ደብተራ ጠርቶ ያመጣ እየመሰለው ይደነግጣል። ታዲያ አንድ ቁንጣሪ ዕጣን ለአንድ ደቂቃ ይበቃል። በየቀኑ አታጭሱበት፤ የዕጣን ጭስ ሙጫ አለው፣ አቧራ ያጣብቃል።

ጭሱ ምን አሳየኝ? ብዙ ቤት ሳጥኑ ከግድግዳ ጋር ተለጥፏል፤ የኋላው ፋን ግድግዳውን ይገፋል። አንድ ስንዝር አርቁት። ከግድግዳ አንድ ስንዝር፣ ሌላ ምንም አልልም። በር ያለው የኮምፒውተር ጠረጴዛ አለ አይደል፣ ሳጥኑ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደ ልብስ የሚገባበት? እሱን በሩን ንቀሉት። ባለቤትየው ቢከፋውም ንቀሉት። ሳጥኑ ውስጥም ቢሆን ገመዱ ፋኑ ፊት እንደ ሽሩባ ከተንጠለጠለ ጭሱ አይገባም፤ በጀርባ በኩል አሳልፋችሁ እሰሩት።

ፊታቸው ብርጭቆ ስለሆነው ሳጥኖች ደግሞ ልናገር። ያምራሉ። እኔም ያምረኛል። ግን ብርጭቆ በምኑ ይተነፍሳል? በጎኑ ጣት በማታስገባ ስንጥቅ ነው ሦስት ፋን ሙሉ አየር የሚስቡት። አፍንጫ ተይዞ ሩጥ እንደመባል ነው። ገና ያልገዛችሁ ፊቱ እንደ ወንፊት የተበሳውን ግዙ፣ በቃ። የገዛችሁ ደግሞ ከመቆጨታችሁ በፊት ፈትኑት፤ ፈተናው ቀላል ነው። ጌሙን ከፍታችሁ ሃያ ደቂቃ ተጫወቱና ሙቀቱን ጻፉ። የጎን ክዳኑን አንሡና ያንኑ ጌም ሌላ ሃያ ደቂቃ ተጫወቱ። አምስት ዲግሪና ከዚያ በላይ ከወረደ ጥፋቱ የሳጥኑ ነው፤ ንፋሱ መንገድ አጥቷል። ምንም ካልወረደ ጥፋቱ ካርዱ ላይ ነው፤ ወይ አቧራ፣ ወይ የደረቀ ፔስት፣ ማለትም ሙቀቱን እንዲያሻግር በቺፑና በማቀዝቀዣው ብረት መሐል የሚቀባው ቅባት። ስንት ሰው መሰላችሁ ይህን ሳያደርግ ካርድ የሚቀይር!

አንተ ከፊት ያለኸው ምን አልክ? ... «ታዲያ ክዳኑን ለምን ለዘለቄታው አላወልቀውም?» ጥሩ ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ የቱሉ ዲምቱን አቧራ ታውቀዋለህ። ሁለተኛ፣ በረሮ። ሞቅ ያለ ጨለማ ቦታ ማን እንደሚወድ አትነግረኝም። ሦስተኛ፣ ሳጥኑ በደንብ ከተገጠመ ክዳኑ ሲዘጋ ነው ንፋሱ ከፊት ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ የሚሄደው፤ ሲከፈት በጎን ይበተናል። ክዳኑን ማንሣት ለምርመራ ነው እንጂ ለኑሮ አይደለም።

ጌም ቤት ያላችሁ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ክፍሉም ሳጥን ነው! አሥር ኮምፒውተር፣ እያንዳንዱ 300 ዋት ቢተፋ 3,000 ዋት ነው። እናቶች፣ 3,000 ዋት ምን ያህል ነው? የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ማለት እኮ ነው! ከጠዋት እስከ ማታ ምጣድ ጥዳችሁ፣ በሩ ላይ መጋረጃ ጥላችሁ፣ የኋላ መስኮት ዘግታችሁ ነው ልጆቹን የምታስቀምጧቸው። ልጆቹስ ይታገሱ፤ ካርዶቹ በምን ዕዳቸው? እዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ሳጥን ሃያ ፋን ቢኖረው ሙቅ ነው የሚስበው። ከኋላ ከፍ ያለውን መስኮት ክፈቱና ወደ ውጭ የሚያወጣ አንድ ፋን ስቀሉበት፤ ለወጥ ቤት የሚሸጠው ዓይነት ይሆናል። መጋረጃውን ከሥሩ ስንዝር አሳጥሩት። በየት ይገባል? በበሩ ሥር። በየት ይወጣል? በኋላ መስኮት። ደንበኛ «ብርድ መታኝ» ካላችሁ ሹራብ ይልበስ።

ሦስተኛው፤ አቧራ። ጉዴን እናዘዛለሁ ብያለሁ።

ሱቅ በከፈትኩ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ደንበኛ ካርድ አመጣልኝ። ክንፎቹ መሐል ያለው አቧራ ጨርቅ ሆኗል፤ ቢያነሡት ይለበሳል። ብሩሽ አልበገር አለኝ። ማዶ ጎሚስታ አለ፤ ጎማ የሚነፋበት ኮምፕረሰር አለው። ይዤ ሄድኩ። «እስቲ ንፋልኝ» አልኩት። ጎማ ነው ያልኩት መሰለው መሰለኝ፣ ሙሉውን ለቀቀው! የካርዱ ፋን እንደ አምቡላንስ ጮኸ። ሲጮህ ደስ አለኝ፤ አቧራው ወጣልኝ አልኩ። ቀጭ አለ። አንድ ክንፍ ተወርውሮ ከዓይኔ ሥር መታኝ፤ ምልክቱ ይኸው አለ። ካርዱን ስገለብጠው ውሃ አለበት። ኮምፕረሰር ሆዱ ውስጥ ውሃ እንደሚያጠራቅም አላውቅም ነበር። ሳላደርቅ ሰካሁት፤ እሱ ሁለተኛው ድንቁርናዬ ነው። አልተነሣም። የሁለት ወር ገቢዬን ከፈልኩ። ጎሚስታው ምንም አላጠፋም፤ ንፋ አልኩት፣ ነፋ።

ስለዚህ፦ መብራቱን ነቅላችሁ፣ ካርዱን አውጥታችሁ፣ ፋኑን በጣታችሁ ያዙት። ያዙት! ንፋስ ሲነፋበት እንዲዞር አትፍቀዱለት። ለስላሳ የቀለም ብሩሽና በእጅ የሚያዝ ትንሽ መንፊያ ይበቃል። ውጭ በረንዳ ላይ አድርጉት፤ ሳሎን ውስጥ ካደረጋችሁት ለምን እንዳልኩ እናቶቻችሁ ይነግሯችኋል። መቼ? እኔ ለመስቀልና ለፋሲካ ነው የማደርገው። ቤት ሲጸዳ እሱም ይጸዳል። የፊቱን ማጣሪያ ግን በበጋ በየወሩ እጠቡት።

አቧራ እንዳይገባ ከፈለጋችሁ ደግሞ የሚገባው ንፋስ ከሚወጣው ትንሽ ይብለጥ። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ያልኩት ለዚህም ነው። ሳጥኑ ጥጋብ ካለው በየስንጥቁ ንፋስ ወደ ውጭ ይገፋል፤ አቧራው መግቢያ ያጣል። የሚወጣው ከበለጠ ግን በየቀዳዳው ይስባል፤ በዩኤስቢ ቀዳዳው እንኳ አቧራ ይገባል። ማጣሪያ ለሌለው ሳጥን ስስ ስቶኪንግ የሚወጥሩ አሉ፤ በየሁለት ሳምንቱ ካጠቡት ይሁን። ነጠላ የወጠረበትም አጋጥሞኛል። ነጠላ አይሆንም፤ ያፍነዋል።

ያገለገለ ካርድ የምትገዙ፣ አንድ ቃል ብቻ። ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ እስከ መስከረም 2015 ዓ.ም. ድረስ በግራፊክስ ካርድ ነበር የሚመረተው። ያ ሥራ ሲቀር ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች ወደ ገበያ ፈሰሱ። መጥፎ ናቸው አልልም፤ ግን ፔስታቸው ሊደርቅ ይችላል። ጂፒዩ ዚ ላይ ሆትስፖት የሚል ሁለተኛ ቁጥር፣ ማለትም የቺፑ ከሁሉ የጋለ ቦታ ሙቀት፣ ካሳያችሁ ከዋናው ሙቀት ጋር አስተያዩት። በመካከላቸው ከ25 ዲግሪ በላይ ካለ እኔ ፔስቱን እጠረጥራለሁ። ስትቀይሩ በሚሞሪው ላይ ያለችውን ለስላሳ ፓድ ውፍረቷን ሳትለኩ አትጣሏት፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብትወፍር ወይም ብትቀጥን ቺፑ በደንብ አይነካም። እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አምጡልኝ።

ብዙ አወራሁ። እዚህ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሳጥን ከመካከላችሁ የአንዱ ነው፤ እስካሁን አልከፈትኩትም፣ ፋኖቹ ወዴት እንደሚነፉም አላውቅም። ባለቤቱ ካርዱ 85 ይገባል ብሎኛል። ጌሙ ከጀመርኩ ጀምሮ እየሄደ ነው። እናቶች፣ ያቺን ማጨሻ ወዲህ በሏት፤ ፍሙ አልጠፋም አይደል? በሩን ዝጉልኝ፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ፣ ጭሱ እንዳይበተን። አዎ፣ ዛሬ እኔ ነኝ ዝጉ ያልኩት። ከኋላ ያላችሁ ተነሥታችሁ ቅረቡ። መብራት ሳይሄድብን ወዴት እንደሚዞር እንየው።